ሥራ ፈጠራ ዩኒቨርሲቲ የገባበት መንገድ

በ1947 መጀመሪያ ላይ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሃርቫርድ ቢዝነስ ትምህርት ቤት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተመለሱ ወጣቶች ተጨናንቆ ነበር። የአሜሪካ መንግሥት የጦር ተመላሾችን የትምህርት ወጪ የሚሸፍን ሕግ በ1944 አውጥቷል፤ የትናንት ወታደሮችም ዩኒፎርማቸውን አውልቀው ደብተር ይዘዋል። ማይልስ ሜስ የተባለ መምህር ለእነዚህ ተማሪዎች ከዚያ በፊት ያልነበረ ኮርስ ከፈተ። ርዕሰ ጉዳዩ አዲስ ድርጅት ማቋቋምና መምራት ነበር፤ 188 የሁለተኛ ዓመት የማስተርስ ተማሪዎች ተመዘገቡ። ትምህርት ቤቱ ከተከፈተበት ከ1908 ጀምሮ በዋናነት ያሠለጥን የነበረው ቀድሞ የቆመን ኩባንያ የሚያስተዳድር ሰው ነው። ከባዶ ተነሥቶ ለሚጀምረው ራሱን የቻለ ትምህርት አልነበረውም።

ዛሬ በዚህ መስክ ሁለተኛ ዲግሪ የሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎች ከስዊድን እስከ ደቡብ አፍሪካ ይገኛሉ። የፕሮግራሞቹ መጠሪያም እየረዘመ ሄዷል። መጀመሪያ ሥራ ፈጠራ ብቻ ነበር፤ ኋላ ኢኖቬሽን ተጨመረበት፤ ቀጥሎ ዘላቂነት መጣ። ሦስቱ ሐሳቦች ወደ ዩኒቨርሲቲ የገቡት በተለያየ ዘመንና በተለያየ በር ነው። የጉዟቸውን ዱካ ስንከተል ግን አንድ ነገር ተደጋግሞ ይታያል፦ ትምህርቱ ወደ ፊት የተራመደው ከግቢው አጥር ውጭ ያለ ችግር ሲያስገድደው ነው። ከሌላ አገር የተቀዳ ሥርዓተ ትምህርት ግን ብዙ ጊዜ ችግሩን እዚያው ትቶ መልሱን ብቻ ይዞ ይመጣል።

ከትምህርቱ የቀደመው ሐሳብ

ስለ ሥራ ፈጣሪ ቀድመው በጥልቀት ከጻፉት አንዱ ሪቻርድ ካንቲሎን ነው። ፕሮፌሰር አልነበረም፤ አየርላንድ ተወልዶ ፓሪስ ላይ በባንክ ሥራ የከበረ ሰው ነበር። ከሞተ በኋላ በ1755 በታተመው ድርሳኑ፣ ሥራ ፈጣሪን ከደመወዝተኛ የሚለየው ያልታወቀውን ነገር መሸከሙ እንደሆነ ያስረዳል። ዛሬ በታወቀ ዋጋ ይገዛል፤ ነገ በስንት እንደሚሸጥ ግን አያውቅም። ይህ ለእህል በረንዳ ነጋዴ አዲስ ወሬ አይሆንም፤ ለኢኮኖሚ ሊቃውንት ግን አዲስ ነበር። ከእሱ በኋላ ፈረንሳዊው ዣን ባቲስት ሴይ በ1803 ባሳተመውና ደጋግሞ ባሻሻለው መጽሐፉ፣ መሬትን፣ ጉልበትንና ካፒታልን አቀናጅቶ ምርት የሚያወጣውን ሰው ከገንዘቡ ባለቤት ለይቶ አሳየ። ሴይ የሚጽፈውን ያውቅ ነበር፤ የጥጥ መፍተያ ፋብሪካ አቋቁሞ ሠርቷል።

ሥራ ፈጣሪን ከፈጠራ ጋር ያስተሳሰረው ኦስትሪያዊው ጆሴፍ ሹምፔተር ነው። በ1911 በወጣው መጽሐፉ ኢኮኖሚን የሚያንቀሳቅሰው ያለውን በአዲስ መልክ ማቀናጀት ነው አለ፦ አዲስ ምርት፣ አዲስ የአመራረት ዘዴ፣ አዲስ ገበያ፣ አዲስ የጥሬ ዕቃ ምንጭ፣ አዲስ አደረጃጀት። አዲሱ የሚቆመው አሮጌውን እያፈረሰ እንደሆነም በ1942 አብራራ። ሹምፔተር ራሱ በቪየና የአንድ ባንክ ፕሬዚዳንት ሆኖ ሠርቶ፣ በ1924 ቦታውንም ሀብቱንም አጥቶ፣ ዕዳ ሲከፍል ዓመታት ያሳለፈ ሰው ነው። በ1932 ሃርቫርድ ሲገባ የተመደበው በኢኮኖሚክስ ክፍል ነበር። ከቻርልስ ወንዝ ማዶ ያለው የቢዝነስ ትምህርት ቤት የሜስን ኮርስ እስኪከፍት ገና 15 ዓመት ይቀረው ነበር። ሐሳቡ በመጽሐፍ ተቀምጧል፤ ትምህርት ያደረጉት ግን ከጦርነት ተመልሰው የራሳቸውን ሥራ መጀመር የፈለጉ ተማሪዎች ናቸው።

ላቦራቶሪውና ካፒታሉ

ኢኖቬሽን የገባው በሌላ በር ነው። ትውልደ ፈረንሳዊው ጆርጅ ዶሪዮ በሃርቫርድ ቢዝነስ ትምህርት ቤት ለአሥርት ዓመታት አስተምሯል። በጦርነቱ ጊዜ በአሜሪካ ጦር ውስጥ የብርጋዴር ጄኔራልነት ማዕረግ ይዞ የወታደሩን አልባሳት፣ ስንቅና ቁሳቁስ የሚያሻሽል ምርምር መርቷል። ላቦራቶሪዎች በጦርነቱ ዓመታት ያከማቹት ዕውቀት ወደ ገበያ የሚወጣበት መንገድ እንደሌለው ያየውም እዚያ ነው። ባንክ ማስያዣ ይጠይቃል፤ የመሐንዲሱ ንብረት ግን በጭንቅላቱ ያለው ብቻ ነው። በ1946 ዶሪዮ ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም (ኤምአይቲ) ፕሬዚዳንት ከካርል ኮምፕተንና ከሌሎች ጋር አሜሪካን ሪሰርች ኤንድ ዴቨሎፕመንት የተባለ ኩባንያ አቋቋመ። አሠራሩ ማበደር ሳይሆን ድርሻ ይዞ አብሮ መክሰር ወይም አብሮ ማትረፍ ነበር። በ1957 ከአንድ የኤምአይቲ ላቦራቶሪ ለወጡ ሁለት መሐንዲሶች 70,000 ዶላር ሰጠ። የመሠረቱት ኮምፒውተር ሠሪ ኩባንያ፣ ዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን፣ ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ያንን ድርሻ በመቶ ሚሊዮኖች ዶላር የሚገመት አደረገው። ዛሬ ቬንቸር ካፒታል የምንለው አሠራር ሥር የያዘው በዚህ ነው።

በምዕራቡ ጠረፍ፣ በስታንፎርድ፣ ፍሬድሪክ ተርማን የተባለው የምህንድስና መምህር ተማሪዎቹን ዊልያም ሂውሌትንና ዴቪድ ፓካርድን የራሳቸውን ኩባንያ እንዲያቋቁሙ አደፋፈራቸው። በ1939 ፓሎ አልቶ ውስጥ ባለ አንድ ጋራዥ ጀመሩ። በ1980 ደግሞ በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ የምርምር ውጤትን ዩኒቨርሲቲዎች በባለቤትነት እንዲይዙ የሚፈቅድ ሕግ ወጣ። ጉግልን በ1998 የመሠረቱት ሁለቱ ሰዎች የስታንፎርድ የዶክትሬት ተማሪዎች ነበሩ። ዩኒቨርሲቲው በያዘው የፈጠራቸው ፓተንት ምትክ ያገኘውን አክሲዮን ሸጦ በ2005 ሲጨርስ 336 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አገኘ። ከዚያ ወዲህ የመመረቂያ ምርምር ኩባንያ ሊሆን እንደሚችል የማያስብ ዩኒቨርሲቲ የለም ማለት ይቻላል።

የቢዝነስ ትምህርት ቤቶችም ተከትለዋል። የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በ1971 በማስተርስ ደረጃ የሥራ ፈጠራ ዘርፍ ከፈተ፤ ቦስተን አጠገብ ያለው ባብሰን ኮሌጅ በ1978 የራሱን ማዕከል አቋቋመ። ሌላው ዓለም ከአሜሪካ የቀዳው እነዚህን ኮርሶች ነው። ኮርሶቹ የቆሙበትን ግን መቅዳት አይቻልም ነበር። ከኤምአይቲና ከስታንፎርድ ላቦራቶሪዎች ጀርባ የቀዝቃዛው ጦርነት የመከላከያ በጀት ነበር፤ ከተማሪው ፊት ደግሞ የመጀመሪያውን ምርት የሚገዛ መንግሥትና ከስሮም ቢሆን የሚታገሥ ካፒታል ይጠብቀው ነበር።

ከካኪናዳ እስከ አዲስ አበባ

ሌላው የሥራ ፈጠራ ትምህርት መንገድ የተነሣው ከሥነ ልቡና ነው፤ ወደ እኛም የደረሰው ይኸኛው ነው። የሃርቫርዱ ዴቪድ ማክሌላንድ በ1961 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሕዝቦች ወደ ብልጽግና የሚራመዱት ሰዎቻቸው አንድን ነገር ከነበረው አሻሽለው የመሥራት ፍላጎት ሲያድርባቸው ነው ብሎ ተከራከረ። ክርክሩን ለመፈተን በ1960ዎቹ ወደ ደቡብ ህንድ ተሻገረ። ከካኪናዳ ከተማ የተውጣጡ አነስተኛ ነጋዴዎች ለጥቂት ቀናት ሠለጠኑ፤ የሂሳብ መዝገብ አያያዝ ሳይሆን ግብ ማውጣት፣ የተመዘነ ስጋት መውሰድ፣ የራስን ሥራ መገምገም። ከባልደረባው ጋር በ1969 ያሳተመው ውጤት፣ ሠልጣኞቹ ካልሠለጠኑት ይልቅ አዲስ ሥራ ጀምረው ብዙ ሰው ቀጥረዋል የሚል ነበር።

ህንድ ትምህርቱን ጨብጣ በ1983 በአሕመዳባድ ራሱን የቻለ የሥራ ፈጠራ ልማት ኢንስቲትዩት ከፈተች። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም ከዚህ የምርምር መስመር በወጡ 10 የሥራ ፈጣሪ ባሕርያት ላይ የቆመ ኤምፕሬቴክ የተባለ ሥልጠና በ1988 በአርጀንቲና ጀመረ። ሥልጠናው አገር እያዳረሰ ቆይቶ በ2013 በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ ኢትዮጵያ ገባ። ያኔ የተቋቋመው የኢንተርፕረነርሺፕ ልማት ማዕከል ኋላ ወደ ኢንስቲትዩትነት አደገ። ዛሬ ከሐዋሳ እስከ ባሕር ዳር ዕድል ማየት፣ ጽናት፣ የገቡትን ቃል መፈጸም እያለ ባሕርያቱን በጣቱ የሚቆጥር ወጣት፣ ሳያውቀው የካኪናዳ ነጋዴዎችን ትምህርት እየደገመ ነው።

ዘላቂነት የመጣበት በር

በ1974 ባንግላዴሽን ረሃብ መታት። መሐመድ ዩኑስ ከአሜሪካ ዶክትሬቱን ይዞ ተመልሶ በቺታጎንግ ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ ያስተምር ነበር። ከግቢው አጠገብ ወዳለችው ጆብራ መንደር ተማሪዎቹን ይዞ ሲወጣ፣ የቀርከሃ በርጩማ የሚሠሩ ሴቶች ጥሬ ዕቃ የሚገዙበት ጥቂት ሳንቲም አጥተው ለአራጣ አበዳሪ ተገዝተው አገኛቸው። በ1976 ከኪሱ አውጥቶ ለ42 ሰዎች ያበደረው በድምሩ 27 ዶላር ገደማ ነበር። ከዚያ የተወለደው ግራሚን ባንክ በ1983 ሕጋዊ ባንክ ሆነ፤ በ2006 ባንኩና ዩኑስ የኖቤል የሰላም ሽልማትን ተካፈሉ። በዚያው ዘመን አሜሪካዊው ቢል ድሬይተን ማኅበራዊ ችግር ለመፍታት የሚነሡ ሰዎችን የሚደግፍ አሾካ የተባለ ድርጅት በ1980 መሥርቶ ነበር። ኩባንያ ለማን ይቋቋማል የሚለው ጥያቄ ወደ ቢዝነስ ትምህርት ቤት የገባው በእነዚህ ሰዎች ተግባር ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ማን ይከፍላል የሚለው፣ ከተፈጥሮ ጥበቃ ወገን መጣ። የኖርዌይዋ ግሮ ሃርለም ብሩንትላንድ የመሩት የተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽን በ1987 ባወጣው ዘገባ ዘላቂ ልማትን የዓለም የጋራ አጀንዳ አደረገው፤ የዛሬው ትውልድ ኑሮ በነገው ኪሳራ መገንባት እንደሌለበት አስገነዘበ። እንግሊዛዊው ጆን ኤልኪንግተን በ1994 ኩባንያዎች ከትርፋቸው ጎን ለሰውና ለተፈጥሮ ያደረሱትን ጥቅምና ጉዳት አብረው እንዲመዘግቡ የሚጠይቅ ሐሳብ አቀረበ። በ2003 የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቢዝነስ ትምህርት ቤት ለማኅበራዊ ሥራ ፈጠራ ማዕከል ከፈተ። በ2007 ደግሞ በተባበሩት መንግሥታት ጥላ ሥር ኃላፊነት የሚሰማው የሥራ አመራር ትምህርት መርሆዎች ይፋ ሆኑ። በ2008 የገንዘብ ቀውሱ ሲፈነዳ ከታዋቂ ትምህርት ቤቶች የወጡ ሰዎች በቀውሱ መካከል ተገኙ፤ ዘላቂነትን እንደ ጌጥ ይቆጥሩ የነበሩ ፕሮግራሞችም ወደ ዋናው ኮርስ ለማስገባት ተገደዱ።

ኤልኪንግተን በ2018 የራሱን ሐሳብ መልሶ መመርመር እንደሚያስፈልግ ጽፏል። ቅሬታው ኩባንያዎች ሦስቱን መዝገቦች የሒሳብ አያያዝ ዘዴ አድርገው መውሰዳቸውና ለትርፉ የሚጨነቁትን ያህል ለሌሎቹ አለመጨነቃቸው ነው። ይህ ማስጠንቀቂያ ለዘላቂ ሥራ ፈጠራ ማስተርስ ፕሮግራሞችም ይሠራል፤ በሰባተኛው ሳምንት የሚሰጥ አንድ የዘላቂነት ትምህርት በመጀመሪያው ሳምንት የተሰጠውን የትርፍ ስሌት አይቀይረውም።

የክፍሉ ለውጥ

የማስተማሪያ ዘዴውም ዝም ብሎ አልቆየም። ለብዙ ዓመታት የትምህርቱ ማጠቃለያ የንግድ ዕቅድ መጻፍ ነበር፤ ተማሪው ያላየውን ገበያ ለአምስት ዓመት አስልቶ በሰንጠረዥ ያቀርባል። ሳራስ ሳራስቫቲ በ2001 ባሳተመችው ጥናት ልምድ ያካበቱ ሥራ ፈጣሪዎች እንዲህ እንደማያስቡ አሳየች። እነሱ የሚነሡት ከያዙት ነው፦ ማን ነኝ፣ ምን አውቃለሁ፣ ማንን አውቃለሁ፣ ቢጠፋ የማይጎዳኝ ስንት ነው። በ2011 ስቲቭ ብላንክ በስታንፎርድ የጀመረው ኮርስ ደግሞ ተማሪዎችን ከክፍል አውጥቶ ገዢ ሊሆኑ ከሚችሉ ሰዎች ጋር ያነጋግር ነበር። የአሜሪካ ብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን ዘዴውን በዚያው ዓመት ለሳይንቲስቶች ሥልጠና ወሰደው።

በአውሮፓ ከዚህ ቀድሞ የተራመደ አለ። በስዊድን ጎተንበርግ የሚገኘው ቻልመርስ ዩኒቨርሲቲ በ1997 በከፈተው የሥራ ፈጠራ ትምህርት ቤት የማስተርስ ተማሪዎች በቡድን ሆነው ከአንድ ተመራማሪ የፈጠራ ሥራ ጋር ይጣመራሉ። ዓመቱን ሙሉ ገበያውን፣ ፓተንቱንና ደንበኛውን ያጠናሉ፤ የሚያዋጣ ከሆነ በመጨረሻ ኩባንያው ይመዘገባል። ፈተናው የመልመጃ ጥያቄ ሳይሆን እውነተኛ ኩባንያ ነው። በአክራ፣ ጋና፣ በ2008 የተከፈተው ሜስት የተባለ ማሠልጠኛ ደግሞ ከተለያዩ የአፍሪካ አገሮች የመጡ ምሩቃንን ሰብስቦ ሶፍትዌርና ንግድን አጣምሮ ያስተምራል። አፍሪካ ያበረከተችው ትልቁ ትምህርት ግን ከናይሮቢ የመጣው ይመስለኛል። የስልክ ኩባንያው ሳፋሪኮም በ2007 ያስጀመረው ኤምፔሳ የተባለ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት በሙከራው ወቅት የታሰበው የአነስተኛ ብድር ክፍያ ለመሰብሰብ ነበር፤ ሰዎች ግን ለዘመድ ገንዘብ መላኪያ አደረጉት። ኩባንያው የሰዎቹን አጠቃቀም ተከተለ።

ኢትዮጵያ፦ ሕግ ሲቀድምና ሲዘገይ

በአገራችን የአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት በ1943፣ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ በ1950 ተከፍተዋል። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በ1960 የንግድ ሕግ አወጣ። ከዚያ አብዮቱ መጣ። በ1975 የወጣው አዋጅ ቁጥር 76 ለግል ካፒታል ጣራ አበጀ፦ ለችርቻሮ 200,000፣ ለጅምላ 300,000፣ ለኢንዱስትሪ 500,000 ብር። ባብሰን ማዕከሉን በከፈተበት በዚያው በ1978 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቱን አስጀመረ። እዚያ ኩባንያ ማስፋት ትምህርት ሆኖ ሲጠና፣ እዚህ ኩባንያ ከጣራው በላይ ማስፋት በሕግ የተከለከለ ነበር። በእቁብ የተጠራቀመ ገንዘብና ከመርካቶ ሱቅ የተወረሰ የንግድ ዕውቀት ግን በእነዚያ ዓመታትም ከሰው ወደ ሰው ይተላለፍ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲው አልመዘገበውም እንጂ።

ደርግ ከወደቀበት ከ1991 በኋላ አቅጣጫው ተለወጠ። የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ስትራቴጂ በ1997 ወጥቶ በ2011 ተሻሻለ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር ከ40 በላይ ደረሰ፤ ሥራ ፈጠራም ለጀማሪ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የጋራ ኮርስ ሆነ። በ2011 ደግሞ አገሪቱ የአየር ንብረት ለውጥን የሚቋቋም አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ አወጣች፤ ግቡ የካርቦን ልቀትን ሳይጨምሩ በ2025 መካከለኛ ገቢ ላይ መድረስ ነበር። በዚያው ዓመት አይስአዲስ የተባለው የጀማሪዎች ማዕከል ተከፈተ። አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም የቻለው ግን በ2021 በወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ብቸኛው ሥራ ፈጣሪ ለወረቀት ሲል ዘመድ በአባልነት ይጨምር ነበር።

በክፍል ያልተማርነው ዘላቂ ፈጠራም ነበረን። ከአሮጌ ጎማ የሚሠራው በረባሶ ጫማ ዘላቂነት የሚባል ኮርስ ከመኖሩ በፊት በገበያችን ነበር። በ2000ዎቹ አጋማሽ ቤተልሔም ጥላሁን ይህንኑ ዕውቀት ይዛ በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር ሶልሬብልስን አቋቋመች፤ ጫማዋም በውጭ አገር ገበያ ተሸጠ። የገበያ ትምህርቷ የተነሣው ከሰፈሯ ባለ እጆች ነበር።

ሚዛኑ

ሥራ ፈጠራ በትምህርት ይገኛል ወይስ አይገኝም ለሚለው የቆየ ሙግት አሁን የተሻለ ማስረጃ አለ። በ2017 የታተመ ጥናት በቶጎ 1,500 አነስተኛ ነጋዴዎችን ተከታትሎ፣ ተነሣሽነትን የሚያዳብር የሥነ ልቡና ሥልጠና የወሰዱት ትርፋቸው በ30 በመቶ ሲጨምር የተለመደው የንግድ ሥልጠና ግን አስተማማኝ ለውጥ እንዳላመጣ አገኘ። ማክሌላንድ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም ማለት ነው። በ2015 ስድስት አገሮችን ያቀፉ የአነስተኛ ብድር ጥናቶች አብረው ታተሙ፤ አንዱ የተሠራው በአማራና በኦሮሚያ ገጠሮች ነው። ድምዳሜያቸው ብድሩ መጠነኛ ጥቅም እንጂ ድህነትን የሚገለብጥ ኃይል አላሳየም የሚል ነው።

ከሁሉም በላይ ለእኛ የሚቀርበው ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን በኢትዮጵያ ያካሄዱት ሙከራ ነው። ለፋብሪካ ሥራ ካመለከቱ ሰዎች ለአንዳንዶቹ በዕጣ ሥራው ተሰጣቸው፤ ለሌሎቹ 300 ዶላር ገደማና አጭር የንግድ ሥልጠና ተሰጣቸው፤ የቀሩት ምንም አላገኙም። ከዓመት በኋላ ገንዘብና ሥልጠና ያገኙት ሰዎች ገቢ በአንድ ሦስተኛ ገደማ ከፍ ብሎ ተገኘ። ከአምስት ዓመት በኋላ ግን ልዩነቱ ጠፍቷል። በዓመቱ መጨረሻ ብቻ የመዘነ ሰው ስኬት ብሎ ይመዘግበው ነበር።

እነዚህ ጥናቶች የተሠሩት በአነስተኛ ነጋዴዎችና በሥራ ፈላጊዎች ላይ እንጂ በማስተርስ ተመራቂዎች ላይ አይደለም። ለአገራችን የድኅረ ምረቃ ፕሮግራሞች ግን ሚዛኑን ያመለክታሉ። ዛሬ ብዙው የቢዝነስ መመረቂያ ጽሑፍ ባለ አምስት ምዕራፍ ነው፤ መጠይቅ ይበተናል፣ ኤስፒኤስኤስ በተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ይተነተናል፣ ምክረ ሐሳብ ተጽፎ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። የቻልመርስ ተማሪ ግን የሚመረቀው በእውነተኛ ፈጠራ ላይ ሠርቶ ነው። ከቻልመርስ መቅዳት የሚገባን የኮርስ ዝርዝሩን ሳይሆን ተማሪውን ከእውነተኛ ጉዳይ ጋር የሚያስረውን አሠራር ነው። ጉዳዩም ሩቅ አይደለም። የሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎች ፍሳሽ አለ፤ የአቃቂ ወንዝ ብክለት አለ፤ ምርቱ ከማሳ ገበያ እስኪደርስ የሚበላሽበት የቲማቲም ገበሬ አለ።

ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ማስተርስ የሚከፍት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲቀበል ከውጤቱ ጎን ይዞት የመጣውን ችግር ይጠይቅ። የመመረቂያውን ሥራ ከሚገመግሙት ወንበሮች አንዱን ለገዢ፣ አንዱን ለብክለቱ ተጎጂ ይስጥ። የራሱንም ውጤት የምረቃ ቀን በወጣው ሰው ብዛት አይመዝን፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ኩባንያው ስንት ሰው እንደቀጠረና ወንዙ እንደጠራ ወይም እንደባሰበት ይቁጠር።